ፋብሪካው ያንጠባጠበውን ቀለም ያልነካው ጋራዥ

አሮጌ መኪና ይዛችሁ ደሴ፣ ሐይቅ፣ ከሚሴ ወይም ወልድያ የምትኖሩ ሰዎች፣ ይህ ጽሑፍ ለእናንተ ነው። የአባቴን ቮልስ የላሜራና የቀለም ሥራ ኮምቦልቻ አሠርቻለሁ። መኪናዋን ከተረከብኳት አንድ ክረምት አልፏል። ዝናቡንም የሐረጎን ዳገትም ቀምሳዋለች። ቀለሙ አልተነሳም፣ ወለሉም ውሃ አላስገባም። ስለዚህ አሁን አፌን ሞልቼ መናገር እችላለሁ፤ ወሎ ውስጥ አሮጌ መኪና አምኜ የምሰጠው ለእነዚህ ሰዎች ነው። ያልወደድኩላቸው ነገርም አለ፤ እሱንም አልደብቅም።

ጋራዡ ታፔላ የለውም። ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ በቆርቆሮ የታጠረ ግቢ ነው። በሩ ላይ በቀይ ቀለም «ላሜራና ቀለም» ተብሎ ተጽፏል፣ በቃ። ባለቤቱ ጠና ያሉ ሰው ናቸው። ሠራተኛውም ደንበኛውም «ጋሼ» ነው የሚላቸው፣ እኔም እንደዚያው ልበላቸው። ሥራ የለመዱት ገና በልጅነታቸው ነው። አብረዋቸው ሁለት ወጣቶች ይሠራሉ፤ አንዱ ላሜራ፣ አንዱ ቀለም። የኤሌክትሪክ ሥራ ሲኖር ደግሞ ከውጭ ሰው ይጠራሉ። ስለዚህ ሰው በኋላ እመለስበታለሁ።

ለምን ደሴ አላሠራሽም ትሉኝ ይሆናል። አንደኛው ምክንያት አየሩ ነው። ደሴ ጭጋጓን ታውቋታላችሁ። ቀለም ሲረጭ አየሩ እርጥብ ከሆነ ላዩ ይደበዝዛል፣ ነጣ ነጣ ይላል። ኮምቦልቻ ዝቅ ያለች ናት፣ ሞቅ ትላለች፣ ቀለሙ ቶሎ ይደርቃል። ሁለተኛው ምክንያት ግን ይበልጣል። ደሴ ያሉት ሁለት ጋራዦች «እንደ አዲስ እናደርግልሻለን» አሉኝ። አንዱ በሜታሊክ ቀለም፣ አንዱ የመስታወት ቀለም አጥቁሮና ክሮም ቸርኬ ገጥሞ። ለሠርግ ኪራይ የምትሆን ቮልስ ለሚፈልግ ሰው እንደዚያ ያምር ይሆናል። እኔ የፈለግሁት ግን የአባቴን መኪና ነው።

መኪናዋ እ.ኤ.አ. የ1968 ሞዴል ቮልስ 1300 ናት። የሞዴሉን ዓመት ለማወቅ ሊብሬ ማየት አያስፈልግም። የቮልስ የሻንሲ ቁጥር ራሱ ይናገራል። የሚመታው ከኋላ ወንበር ሥር፣ መሐል ለመሐል በሚያልፈው ጉብታ ላይ ነው። በዚያ ዘመን ቁጥሩ ዘጠኝ አኃዝ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ፣ ማለትም 11፣ የመኪናውን ዓይነት ይነግሯችኋል። ሦስተኛው የሞዴሉን ዓመት። የእኔ 118 ብሎ ይጀምራል። የፊት መብራቶቿም ቀጥ ብለው የቆሙ ናቸው፣ ቤንዚንም የሚሞላው ኮፈኑን ሳይከፍቱ ከውጭ ነው። ሁለቱም እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1967 ከ1968 ሞዴል ጋር የመጡ ለውጦች ናቸው።

አባቴ የገዛት ደሴ ያስተምር ከነበረ ፈረንጅ ነው። እኔ የማውቃት ነጭ ሆና ነው። ወንድሞቼም ነጭ ናት ይላሉ። እናቴ ብቻ «መጀመሪያ ስትመጣ ነጭ አልነበረችም» ትላለች፤ ምን እንደነበረች ግን አታስታውስም።

ጋሼ መጀመሪያ ቀን ዋጋ አልነገሩኝም። «ቆይ ልያት» አሉና የብርጭቆ ወረቀት አመጡ። የግራውን በር ከፍተው፣ ከውስጥ በኩል ማጠፊያው አጠገብ፣ ሰው የማያየው ቦታ መረጡ። የሳንቲም ስፋት ያላት ቦታ ላይ ወረቀቱን እያረጠቡ ቀስ ብለው ፈተጉ። አልቸኮሉም። ሲጨርሱ በጨርቅ ጠረጉና «ነይ እይ፣ ልጄ» አሉኝ። ልክ እንደ ሰፌድ ቀለበት በቀለበት ሆኖ ወጣ። ከዳር ነጭ። ቀጥሎ ግራጫ የሥር ቀለም። ቀጥሎ ክሬም። ከዚያ ሰማያዊ። ከሰማያዊው ሥር የፋብሪካው የሥር ቀለም፣ ከእሱ ሥር ላሜራው ብልጭ አለ። «ይቺ ሰማያዊ ሆና ነው የተወለደችው» አሉ። «ክሬሙም ነጩም እዚህ አገር የመጣ ነው። ከሰማያዊው ሥር ሌላ ቀለም የለም።»

ዎልፍስቡርግ፣ ጀርመን ያለው የቮልስዋገን አውቶ ሙዚየም የሻንሲ ቁጥር ለላከለት ሰው በክፍያ የልደት ምስክር ወረቀት ይሰጣል። መኪናዋ የተሠራችበትን ቀንና ቀለሟን ይጽፍላችኋል። አስመጥቼ አየሁት። ሰማያዊ ይላል። በቀለም ቁጥር ኤል633 የሚባለው ነው፤ በዚያ ዓመት የቮልስ መደበኛ ቀለሞች ውስጥ አንዱ ነበር። የጋሼ ብርጭቆ ወረቀት ከዎልፍስቡርግ ቀድሞ ነበር የነገረኝ። ለእኔ ጋራዡ ያን ጊዜ ፈተናውን አለፈ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

ነጩና ክሬሙ ተፍቆ ሲነሳ፣ የፊት ኮፈን ውስጥ፣ ስፔር ጎማው ከሚቀመጥበት ጉድጓድ በላይ፣ ሁለት የቀለም መስመር ወርዶ የደረቀ ተገኘ። ቀለም በዝቶበት ተንጠባጥቦ ነው። አንዱ የጣት ርዝመት አለው፣ ጫፉ ላይ ጠብታው ረግቶ እብጥ ብሏል። ቀለም የሚረጨው ልጅ አየውና «ይሄ አንዴ ነው፣ በብርጭቆ ወረቀት ላንሳው» አለ። ጋሼ «ተው! እጅህን አንሳ!» አሉት። ልጁ ደነገጠ። እኔም ደነገጥኩ።

«ይሄ የፋብሪካ ነው» አሉ። እንዴት አወቁ? ጥፍራቸውን በጠብታው ዳር አስኬዱት። ጠብታው ያው ሰማያዊ ነው፣ ከዙሪያው ካለው ሰማያዊ ጋር መገጣጠሚያ መስመር የለውም። ከሥሩ የፋብሪካው የሥር ቀለም እንጂ ሌላ የለም። ከላዩ ደግሞ ክሬሙ ነበር። በሌላ ቀን የተረጨ ቢሆን በሁለቱ መሐል መስመር ይኖር ነበር። ማለትም ያን ቀለም ያንጠባጠበው ሰው፣ መኪናዋን መጀመሪያ የቀባት ሰው ራሱ ነው። ጀርመን ውስጥ አንድ ሠራተኛ ትንሽ ጫን አድርጎ ረጨ፣ ቀጣዩ መኪና መጣበት፣ ሄደ። ተቆጣጣሪውም ጎማ የሚሸፍነው ነው ብሎ አለፈው።

ልጁ አልተዋጠለትም። «ጋሼ፣ ሰው ኮፈኑን ከፍቶ ቢያይ የኛ ሥራ ነው ብሎ ይስቅብናል» አለ። ልክ ነው። የሙያ ስሙ ነው የሚጎዳው። እኔ ግን እዚያው «ለሚጠይቅ ሁሉ እኔ እነግራለሁ፣ እንዳትነኩት» አልኩ። ጋሼ ፈገግ አሉና «አብሽሪ፣ አይነካም» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ግቢው ውስጥ ሥራው ሌላ ሆነ። አንድ ነገር ጠማማ ሆኖ ሲገኝ የመጀመሪያው ጥያቄ «እንዴት እናቅናው» አልነበረም። «ማን አጣመመው?» ነበር። ፋብሪካው ከሆነ ይተዋል። መንገዱ፣ ግጭቱ ወይም ሌላ ጋራዥ ከሆነ ይቃናል። አሮጌ መኪና ለሚያሠራ ሰው ከዚህ የሚበልጥ ጥያቄ ያለ አይመስለኝም። አብዛኛው ጋራዥ አይጠይቀውም። ሁሉንም እኩል ያለሰልሳል፣ ሁሉንም እኩል ያብረቀርቃል። ሲጨርስ መኪናው ያምራል፤ ታሪኩ ግን የለም።

ሁለት ነገር ላሳያችሁ።

ከኋላ የሞተሩ ክዳን ላይ ያለው ምልክት በቀኝ በኩል ትንሽ ዝቅ ብሏል። ቆማችሁ ስታዩት አይታወቅም፣ ቁጭ ብላችሁ ስታዩት ይታወቃል። የላሜራው ልጅ ቀዳዳዎቹን በብየዳ ደፍኖ አዲስ ሊበሳ ነበር። ጋሼ ምልክቱን በካቻቢቴ ነቀሉት። ባትሪያቸውን አብርተው ቀዳዳው ውስጥ አዩ፣ እኔንም አሳዩኝ። የቀዳዳው ከንፈር ውስጡ ድረስ ሰማያዊ ቀለም አለበት። ቀዳዳው ከቀለሙ በፊት ነበረ ማለት ነው። ከቀለም በኋላ የተበሳ ቢሆን ውስጡ ባዶ ብረት ወይም ዝገት ይሆን ነበር። ስለዚህ ጠማማው ከፋብሪካ ነው፤ ምልክቱ እንደነበረው ተመለሰ። ዛሬም ዝቅ እንዳለ ነው። በጣም ነው የምወደው።

የቀኙ በር ደግሞ ተቃራኒው ነው። ሲዘጋ ክፍተቱ ከላይ ሰፋ፣ ከታች ጠበብ ይላል። እኔ በልቤ ይሄም የፋብሪካ ይሆናል ብዬ ነበር፤ እንዲሆንም ፈልጌ ነበር። ጋሼ ማግኔት በወረቀት ጠቅልለው በሩ አጠገብ ያለው ምሰሶ ላይ አስጠጉት። ከላይ ይይዛል። ወገቡ ላይ ሲደርስ ወደቀ። ከሥሩ ያለው ስቱኮ ነው፣ ለዚያውም ወፍራም። ሲፈለፈል የመዶሻ ምልክት ወጣ። ሰማያዊ የሚባል ነገር ደብዛው የለም። አንድ ጊዜ በጎን ተመትታ፣ ተጠግና፣ በስቱኮ ተለስና ኖራለች። «ይሄ አደጋ ነው፣ ይቃናል» አሉ። ስቱኮው ሁሉ ተነስቶ ላሜራው ተመትቶ ቀናና በሩ በእኩል ክፍተት ተገጠመ። አሁን በአንድ ጣት ትዘጉታላችሁ።

እዚህ ላይ ነገሩን ትንሽ ላስፋው፤ የእኔና የጋሼ ቅብጠት ብቻ የሚመስለው አንባቢ ይኖራልና። በዓለም ላይ በዚህ ጉዳይ በጣም የሚጨቃጨቁት የአሜሪካ መስል ካር ሰብሳቢዎች ናቸው። መስል ካር የሚባሉት በመካከለኛ መኪና ላይ ግዙፍ ሞተር የተገጠመላቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ መጀመሪያ የተሠሩ መኪኖች ናቸው። የ1964ቱ ፖንቲያክ ጂቲኦ እንደ በር ከፋች ይቆጠራል። የ1970ው ሼቭሌ ኤስኤስ 454 ኤልኤስ6 በፋብሪካው መግለጫ 450 የፈረስ ጉልበት ነበረው። የእኔ ቮልስ 40 ነው። መኪኖቹ አይገናኙም፣ ጥያቄው ግን አንድ ነው።

እነዚህ ዛሬ በብዙ ገንዘብ የሚሸጡ መኪኖች ሲሠሩ ማንም እንደ ቅርስ አልሠራቸውም። መስመሩ ይሮጣል፣ ሠራተኛው የደረሰበትን ይገጥማል። ክፍተቱ እኩል ያልሆነ ኮፈን፣ የተንጠባጠበ ቀለም፣ ቀለም የተረጨበት ጎማ፣ ቀለም ያልነካው የበር ሥር፣ ሁሉም ይወጣ ነበር። የጊዜውን ጥድፊያ ለማወቅ ኦሃዮ ያለውን የጀነራል ሞተርስ የሎርድስታውን ፋብሪካ ማሰብ ይበቃል። መስል ካር ሳይሆን ቬጋ የምትባል ትንሽ መኪና ነበር የሚሠራው። መስመሩ በሰዓት ወደ 100 መኪና እንዲያወጣ ተደረገ። ይህ ማለት አንድ መኪና በ36 ሴኮንድ ነው። በ1972 ሠራተኞቹ ሥራ አቁመው ወጡ። በእንደዚህ ዓይነት ዘመን ቀለም ቢንጠባጠብ ምን ይገርማል?

በጣም የምወደው ምሳሌ ግን ፕሊማውዝ ሱፐርበርድ ነው። በ1970 ናስካር ለሚባለው የአሜሪካ የመኪና ውድድር ተብሎ የተሠራ፣ አፍንጫው የሾለ፣ ከኋላው ረጅም ክንፍ የቆመበት መኪና ነው። ወደ 2 ሺህ የሚጠጉ ብቻ ናቸው የተሠሩት። ነፋስ እንዳይዘው የኋላ መስታወቱን አቀማመጥ መቀየር ነበረባቸው፣ ለዚያም ተጨማሪ ላሜራ ተገጠመ። መገጣጠሚያው ግን አያምርም። አሳምሮ መጨረስ ጊዜና ገንዘብ ይፈጃል። ምን አደረጉ? የሁሉንም ጣሪያ ቪኒል በሚባል ቆዳ መሰል ፕላስቲክ ሸፈኑት። ሰው ዛሬ ያንን ጣሪያ እንደ ጌጥ ያየዋል፣ ሥሩ ያለው ግን ያልተጨረሰ የላሜራ ሥራ ነው። እንግዲህ አንድ ጎበዝ ላሜራ ሠሪ ቪኒሉን ገፍፎ፣ መገጣጠሚያውን አለስልሶ፣ ጣሪያውን ቀለም ቢቀባው መኪናው ተሻሻለ ወይስ ተበላሸ? እኔ ተበላሸ ነው የምለው። ያ ሸፋፍኖ ማለፍ ነው መኪናውን ሱፐርበርድ የሚያደርገው።

ኮርቬት የምትባለው የአሜሪካ ስፖርት መኪና ባለቤቶችም ይህን በደንብ አስበውበታል። በ1974 የተመሠረተ የኮርቬት አዳሾች ብሔራዊ ማኅበር አላቸው። ዳኞቹ መኪናን የሚለኩት ከፋብሪካ በወጣበት ቀን በነበረው መልክ ነው። ከፋብሪካው አብልጠህ ካሳመርከው ነጥብ ይቀነስብሃል። ቀለሙ መስታወት መስሎ ከመጣ፣ ያን ጊዜ ፋብሪካው እንደዚያ አይቀባም ነበር ይሉሃል።

አንድ ሌላ ነገር አለ። መስመሩ ላይ ለእያንዳንዱ መኪና ምን ምን እንደሚገጠምለት የሚነግር የሥራ ወረቀት ነበር። ሠራተኞቹ ከተጠቀሙበት በኋላ ወንበር ስፕሪንግ ውስጥ ይወትፉት ነበር፣ አንዳንዱ የቤንዚን ታንከር ላይ ይቀራል። ሰብሳቢዎች ዛሬ ወንበር እየፈቱ ይፈልጉታል። ሲያገኙት ደግሞ የሌላ መኪና ወረቀት ሆኖ የሚያርፈው ጊዜ አለ። ሠራተኛው ቸኩሎ የጎረቤቱን ወተፈ። ያ ስህተት ራሱ የመኪናው ታሪክ ነው። ያን ወረቀት የሚጥል ሰው አላዋቂ ነው።

ገንዘብ ሲገባበት ግን ማጭበርበርም ይገባል። የሞተር ቁጥር ፍቀው ሌላ የሚመቱ አሉ። ከዚያም አልፎ የፋብሪካ ተቆጣጣሪ በጠመኔ ያደረገውን ምልክት አስመስለው የሚጽፉ፣ ቀለም ሆን ብለው የሚያንጠባጥቡ አዳሾች አሉ። ይህን ሳነብ ቅር አለኝ። ለጋሼ ነገርኳቸውና «ጠብታው በድንገት ቢበላሽ መልሰው ሊሠሩት ይችላሉ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «እችላለሁ» አሉ። «ግን የሠራሁት የኔ ይሆናል እንጂ የፋብሪካው አይሆንም። ከሄደ ሄደ ነው።» ከዚያ ለዙሁር ሶላት ተነሱ።

የቀለሙን ሥራ በተመለከተ ማወቅ ያለባችሁ ነገር አለ። ዛሬ አብዛኛው ጋራዥ መጀመሪያ ቀለም፣ ከላዩ ደግሞ አንጸባራቂ ንብርብር ነው የሚረጨው። መኪናው ሁሌ ውሃ የነካው ይመስላል። የዚያ ዘመን ቮልስ እንደዚያ አልነበረችም። ቀለሙና አንጸባራቂነቱ አንድ ላይ ነው የሚመጣው፣ ጠጋ ብላችሁ ስታዩትም ላዩ ፍጹም ለስላሳ አይደለም። እኛ ያለ አንጸባራቂ ንብርብር አስረጨናት። ለቀለሙ ናሙና የወሰዱት ከዳሽቦርዱ ሥርና ከበሩ ጎማ ጀርባ ነው፤ ፀሐይ ነክቶት የማያውቅ ቦታ። ኮምቦልቻ ውስጥ የኤል633ን ቅመማ በኮምፒውተር የሚያወጣ ስላልተገኘ ጋሼ በዓይናቸው ቀመሙት። ትንሽ ቆርቆሮ ላይ ይቀባሉ፣ ያደርቃሉ፣ በፀሐይ ያያሉ፣ በጥላ ያያሉ፣ ጥቂት ጥቁር ይጨምራሉ፣ ደግሞ ይቀባሉ። ኮፈኑ ውስጥ ያለው የድሮ ሰማያዊ አልተረጨም፤ ታጥቦ ብቻ ተወለወለ። ዛሬ ኮፈኑን ስትከፍቱ አዲሱና የድሮው ጎን ለጎን ናቸው። ልዩነቱን ለማየት መፈለግ ያስፈልጋል።

ወለሉን ቶሎ ልለፈው። የቮልስ ባትሪ ከኋላ ወንበር ሥር በቀኝ በኩል ነው የሚቀመጠው። አሲዱ ሲፈስ ወለሉን ይበላል፣ የእኔንም በልቶታል። ከዚህ በፊት ሌላ ጋራዥ ቀዳዳውን በጨርቅና በስቱኮ ደፍኖ ጥቁር ቀለም ቀብቶልን ነበር፤ እግዜር ይይለት። እዚህ የበሰበሰው ተቆርጦ አዲስ ላሜራ ተበየደ። ብየዳ ከመጀመሩ በፊት የሻንሲ ቁጥሩን በግሪስ ቀብተው፣ በወፍራም ቆርቆሮ ሸፍነው አሰሩት። ይህን ሳልጠይቃቸው ነው ያደረጉት። ቁጥሩ ከተነካ ቦሎ ስትሄዱ የሚመጣውን ጣጣ የምታውቁት ታውቁታላችሁ።

እሺ፣ ያልወደድኩት።

የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ ሥራው ነው። ከውጭ የተጠራው ሰው የፍሬቻውንና የኋላ መብራቱን ሽቦ በጣጥሶ፣ ያገኘውን ቀለም ሽቦ አጋጥሞ፣ በፕላስተር ጠቅልሎ ሄደ። የቮልስ ሽቦዎች በቀለማቸው ነው የሚታወቁት። አሁን ቡናማው ሽቦ መሐል ላይ ቀይ ይሆናል፣ ነገ ፊውዝ ቢቃጠል የሚፈልገው ሰው ግራ ይጋባል። ቀለም ጠብታ እንዲህ የሚጠብቅ ጋራዥ ሽቦን እንደዚያ መተዉ በጣም አሳዝኖኛል። ለጋሼ ነግሬያቸዋለሁ። «ልክ ነሽ» አሉ፣ ከሒሳቡም ቀነሱልኝ። ሥራው ግን እንደተበላሸ ነው።

ሁለተኛው ቡሎን ነው። የተፈቱት ዕቃዎች ሁሉ በአንድ ቆርቆሮ ውስጥ ተደባልቀው ነበር። የፋብሪካው ቡሎኖች ጭንቅላታቸው ላይ ምልክት አላቸው። አንዳንዶቹ ጠፍተው በገበያ ቡሎን ተተክተዋል። በፓራፋንጎና በቦዲው መሐል የሚገባው የድሮ ጎማም ተጥሏል። ተሰነጣጥቆ ስለነበር መቀየሩ አይቀርም ነበር፣ ግን ሳይጠይቁኝ መጣል አልነበረባቸውም። እናንተ ስትሄዱ ትናንሽ ፌስታሎችና እስክሪብቶ ይዛችሁ ሂዱ። እያንዳንዱ ዕቃ ሲፈታ እየጻፋችሁ አስቀምጡ። ፎቶም አንሱ፤ እነሱ አያነሱም።

ሦስተኛው ጊዜ ነው። ቀጠሮ አይከበርም። የጭነት መኪና ስፖንዳ ሲመጣ የእናንተ ሥራ ይቆማል፣ ምክንያቱም የጭነቱ ባለቤት በየቀኑ ገንዘብ እየጎደለበት ነው። ይገባኛል። ግን መኪናዬን ስጠብቅ የከረምኩትን ያህል መክረም አልነበረብኝም።

ዋጋ። የእጅ ዋጋ ለላሜራና ለቀለም 90 ሺህ ብር ከፍያለሁ። ዕቃና ቀለም ለብቻ ነው፣ ራሳችሁ ገዝታችሁ ብታመጡ ይሻላል። የቮልስ ዕቃ የገዛሁት አዲስ አበባ፣ መርካቶ ሶማሌ ተራ ነው። እዚያ ሁሉም «ኦሪጅናል» ነው ይሏችኋል። ላሜራ ስትገዙ ጀርባውን ገልብጣችሁ እዩ። የቮልስ ምልክትና የዕቃ ቁጥር የተመታበትን ካገኛችሁ፣ አሮጌም ቢሆን፣ ከሚያብረቀርቀው አዲስ ይሻላል። ያረጀው ፓራፋንጎዬ ሊጣል ሲል ጋሼ «ይሄ ላሜራ ዛሬ የትም አይገኝም» ብለው አቃንተው መልሰው ገጥመውታል። ለአዲስ የያዝኩት ገንዘብ ኪሴ ቀረ።

ግማሹን ቅድሚያ ይቀበላሉ፣ ግማሹን ስትረከቡ። ደረሰኝ ጠይቁ፣ ካልጠየቃችሁ አይሰጧችሁም። አርብ ከሰዓት ሥራ የለም። ሰኞ ጠዋት አትሂዱ፤ የባቲ ገበያ መኪኖች ግቢውን ይሞሉታል። ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ጠዋት ጋሼን ራሳቸውን ታገኛላችሁ። መኪናችሁ ላይ እንዳይነካ የምትፈልጉት ነገር ካለ በቃል ብቻ አትንገሩ። በጠመኔ ክበቡትና «አይነካም» ብላችሁ ጻፉበት። ልጆቹ የተጻፈ ያከብራሉ። የሽቦ ሥራ ካላችሁ ግን እዚያ አታሠሩ። እኔም የእኔን ከሥሩ የሚያድስልኝ ሰው ደሴ ውስጥ እየፈለግሁ ነው፤ የቮልስ ሽቦ በቀለሙ የሚያውቅ ሰው የምታውቁ ካላችሁ ጠቁሙኝ።